ያገለገለ ስፖርት ኳድ ወይስ አዲስ? ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ

ስፖርት ኳድ (ለመዝናኛና ለውድድር የሚነዳ ባለ አራት ጎማ ሞተር) መግዛት የፈለገ ሰው ብዙ ሳይቆይ መንታ መንገድ ላይ ይደርሳል። በአንድ በኩል ዋስትና ያለው፣ ማንም ያልነዳው አዲስ አለ። በሌላ በኩል 10፣ 15፣ አንዳንዴም 20 ዓመት የሠራ፣ ዋጋው ግን በጣም ዝቅ ያለ አሮጌ አለ። የትኛው ያዋጣል?

የኔ መልስ ይህ ነው፦ ለአብዛኛው ሰው ያገለገለው ያዋጣል፤ የቀድሞ ባለቤቶቹ ሞተሩን ካልነካኩት። ዓመተ ምርቱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ የ2006 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኳድና «ጉልበት ተጨምሮበታል» የሚባል የ2013 ኳድ ጎን ለጎን ቢቀርቡልኝ ሳላመነታ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ። ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

ስፖርት ኳድ ስል ለእርሻና ለዕቃ ማመላለሻ የሚውለውን፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን ከባድ ኳድ ማለቴ አይደለም። ቀለል ያለውን፣ የኋላ ጎማውን ብቻ በካቴና የሚያዞረውን፣ ማርሹ በእግር የሚቀየረውን ነው የማወራው። ወንበሩም የተሠራው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ገበያው እንዴት እዚህ ደረሰ

ይህን ሳያውቁ መግዛት ይከብዳል። ከ2004 እስከ 2009 ያሉት ዓመታት የስፖርት ኳድ ወርቃማ ጊዜ ነበሩ። ሆንዳ ቲአርኤክስ 450አርን፣ ያማሃ ዋይኤፍዜድ 450ን በ2004 ሞዴል አወጡ (በስሞቹ ውስጥ ያለው ቁጥር በግምት የሞተሩ መጠን በሲሲ ነው)። ሱዙኪ በ2006 ኤልቲ-አር 450ን ይዞ መጣ። ካዋሳኪ ኬኤፍኤክስ 450አርን፣ ካን-አም ደግሞ ዲኤስ 450ን በ2008 ጨመሩ። ፋብሪካዎቹ እርስ በርስ ተፎካከሩ፤ በየዓመቱ የተሻለ ነገር ይወጣ ነበር።

ከዚያ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ። ለመዝናኛ የሚገዛ ነገር ሁሉ ገዢ አጣ። ገንዘብ ያለውም ሰው ቀስ በቀስ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ወደሚቀመጥባቸው፣ የመኪና ዓይነት መሪ ወዳላቸው ሳይድ ባይ ሳይዶች ዞረ። ሆንዳና ካዋሳኪ 450ዎቻቸውን በ2014 አቆሙ። ያ ሁሉም የሚወደው ሆንዳ 400ኢኤክስ፣ በኋላ 400ኤክስ የተባለው፣ በዚያው ዓመት አበቃ። ዛሬ ከትልልቆቹ የጃፓን ፋብሪካዎች ለአዋቂ የሚሆን አዲስ ስፖርት ኳድ የሚፈልግ ሰው በዋናነት የሚያገኘው የያማሃን ራፕተር 700 እና ዋይኤፍዜድ 450አር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የዋጋ ብቻ አይደለም። ብዙ ጀማሪ የሚያስፈልገው በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቀላል፣ ልበ ሰፊ 400 ሲሲ ሞተር ነው። እሱ ደግሞ ከነዚህ ፋብሪካዎች አዲስ ሆኖ አይመጣም። እሱን የፈለገ ያገለገለ መግዛቱ ግድ ነው።

ደረጃ 1፦ መፍቻ ትይዛላችሁ ወይስ አትይዙም?

ከሞዴል በፊት ይህን መልሱ። ያገለገለ ስፖርት ኳድ ሥራ ይፈልጋል። ካቴና ማጥበቅ፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ መቀየር፣ ኩሽኔታ ማውጣት አለ። እነዚህን ራሳችሁ የምትሠሩ ወይም ለመማር የምትጓጉ ከሆነ አሮጌው የናንተ ነው። የምታምኑት መካኒክ በቅርብ ካላችሁም ያስኬዳል።

ሁለቱም ከሌሉ አዲስ ግዙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የመንዳት ዕድል ያለው ሰው ያንን ቀን የማይነሳ ሞተር ሲረግጥ ማሳለፍ የለበትም። ለውድድር የምትዘጋጁም ከሆነ አዲስ ወይም አዲስ ለማለት የቀረበ ይሻላል፤ ውድድር ላይ የብረት ድካም ዋጋ ያስከፍላል። ለታዳጊ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውንና ቁመቱን የሚመጥን መጠን ቅድሚያ ይሰጠው። «ሲያድግ ይደርስበታል» ብሎ 400 መግዛት አደጋ ነው።

ደረጃ 2፦ የሞተሩን ዓይነት ምረጡ

ያገለገሉ ስፖርት ኳዶች በአራት ጎራ ይከፈላሉ፤ ባህሪያቸው በጣም ይለያያል።

የመጀመሪያዎቹ ቱ-ስትሮኮቹ ናቸው። ያማሃ ባንሺ ባለ ሁለት ሲሊንደር 347 ሲሲ ሞተሩን ይዞ በ1987 ወጣ። ያማሃ ብላስተር 195 ሲሲ ነው። ሆንዳ ቲአርኤክስ 250አር ከ1986 እስከ 1989 ብቻ ተሠራ። የሱዙኪው ኤልቲ 500አር ደግሞ ከ1987 እስከ 1990። እነዚህ ሞተሮች በእያንዳንዱ ዙር ስለሚፈነዱ ጉልበታቸው ድንገት ይመጣል፤ አፍቃሪዎቻቸው ለሌላ አይለውጧቸውም። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) መቀየርም በእነሱ ላይ ቀላል ሥራ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ዕድሜ ጠግበዋል፤ ብዙዎቹ ሦስት አራት ጊዜ ተፈትተው ተገጥመዋል፤ ሳይነካካ የቀረ ባንሺ ማግኘት ብርቅ ነው። የኤልቲ 500አር መለዋወጫ ማደን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ኳድነት አልመክራቸውም።

ሁለተኛው ጎራ ቀላሎቹ ፎር-ስትሮኮች (በየሁለት ዙሩ አንዴ የሚፈነዱ) ናቸው። ሆንዳ 400ኢኤክስ በ1999 ሲወጣ ሞተሩ ከኤክስአር 400አር ሞተርሳይክል የመጣ ነበር፤ 397 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ካርቡራተር። ራዲያተር የለው፣ የውሃ ፓምፕ የለው፣ የሚፈስ ነገር ያንሳል። ከ2005 ጀምሮ የኋላ ማርሽም ተጨምሮለታል። ታናሹ 300ኢኤክስና የያማሃው ዋሪየር 350 በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በ2003 የወጣው ሱዙኪ ዜድ 400 በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ የበለጠ ጉልበት አለው። የካዋሳኪው ኬኤፍኤክስ 400 ያው እሱ ነው፤ ቀለሙና ስሙ ነው የተለየው። በዋጋ ስታወዳድሩ ሁለቱንም ፈልጉ። ያገለገለ ለሚገዛ ሰው የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ጎራ ነው።

ሦስተኛዎቹ 450ዎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ዋይኤፍዜድ 450 ሞተሩን የወሰደው ከሞቶክሮስ ሞተርሳይክል ነው። እነዚህ የውድድር ሞተሮች ናቸው፤ በከፍተኛ ዙር ይሠራሉ፣ ዘይታቸው ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፣ የቫልቭ ክፍተታቸው መለካት አለበት። ይህን የሚያደርግ ባለቤት ካጋጠማችሁ በጣም ደስ የሚል ኳድ ነው። ያላደረገው ከሆነ ግን የመጀመሪያው ትልቅ ወጪ የሚወድቀው በናንተ ላይ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የ2004 እና የ2005 ሆንዳ 450አር የሚነሳው በእርግጫ ብቻ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚነሳው በ2006 መጣ።

አራተኛው ራፕተር 700 ነው። ከ2006 ጀምሮ 686 ሲሲ ሞተርና የነዳጅ ኢንጄክሽን (በካርቡራተር ፈንታ ቤንዚኑን መጥኖ የሚረጭ) አለው፤ እስከ ዛሬም ይመረታል። መለዋወጫው የትም አለ ማለት ይቻላል። አዲሱን ከአሮጌው ጋር በቀጥታ ማነጻጸር የምትችሉትም በእሱ ላይ ነው፤ መሠረታዊው ሞተር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ከአዲሱ የምትከፍሉት ጭማሪ በአብዛኛው ለዋስትናውና ላልተነዳው ሰዓት ነው።

ከ2009 ወዲህ ዋይኤፍዜድ 450አርና ዜድ 400 ኢንጄክሽን አገኙ። ብርድና ከፍታ ቦታ የምትነዱ ከሆነ ይህ ልዩነት ይሰማችኋል። ካርቡራተር ግን አያስፈራችሁ። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ኳዱ ወራት ሙሉ ቤንዚን ይዞ ስለሚቆም ነው፤ በአንድ ከሰዓት ይጸዳል።

ደረጃ 3፦ እውነተኛውን ዋጋ አስሉ

ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የመጀመሪያው ዋጋ ነው። ኳዱን ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ያዙና ለዚያ ሞዴል የነዚህን ዋጋ አጣሩ፦ አራት ጎማ፣ ካቴና ከነጥርሶቹ፣ የፊትና የኋላ የፍሬን ሸራ፣ የመሪ ቴስቲኒዎች (መሪውን ከጎማው የሚያገናኙ መጋጠሚያዎች)፣ የብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው ክንድ) ቦል ጆይንቶች፣ የጎማና የኋላ አክስል ኩሽኔታዎች፣ ባትሪ፣ ፒስተን ከነፋሻና ከነጋርኒሲዮኑ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አያስፈልጉም። ግን ኳዱ ፊት ስትቆሙ የላላ ነገር ባገኛችሁ ቁጥር ስንት እንደሚያስወጣችሁ ታውቃላችሁ።

ይህ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው። ዝርዝሩን ስትፈልጉ ዕቃው የማይገኝለትን ሞዴል ያኔውኑ ታውቁታላችሁ። የሞተር ዕቃው ከምርት የወጣ ኳድ በርካሽ ቢገኝም ርካሽ አይደለም።

ከአዲሱ ጎን ደግሞ ዋጋውን ብቻ አትጻፉ። የማስረከቢያ፣ የምዝገባ፣ የመድን ወጪ፣ በብድር ከሆነም ወለዱ ይጨመር። ትልቁ ግን የዋጋ መውደቅ ነው። አዲስ ኳድ ከሱቁ እንደወጣ «ያገለገለ» ይባላል፤ ያንን የዋጋ ቅናሽ የሚሸከመው የመጀመሪያው ባለቤት ነው። በደንብ የተያዘ የ15 ዓመት ኳድ ግን የሚወድቀውን ወድቆ ጨርሷል። ሁለት ዓመት ነድታችሁ ስትሸጡት ከገዛችሁበት ብዙም ላይርቅ ይችላል።

መመዘኛዬ ይኸውላችሁ። የአሮጌው ዋጋ ከነጥገናው ተደምሮ የአዲሱን ሁለት ሦስተኛ ካለፈ አዲሱን አስቡ። ግማሽና ከዚያ በታች ከሆነ አሮጌው አሸንፏል። በመሃል ላይ ከወደቀ ወሳኙ የኳዱ ይዞታ ነው።

ደረጃ 4፦ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ

ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ስንት ዓመት ያዝከው? ሞተሩ ተፈትቶ ያውቃል? ማን ፈታው? ከፋብሪካው የተለየ ምን ተገጥሞለታል? ወረቀቱ በስምህ ነው? ለቱ-ስትሮክ ደግሞ፦ ዘይቱን ራሱ ይቀላቅላል ወይስ ቤንዚኑ ውስጥ ይጨመራል? ብዙ ሰው የዘይት ፓምፑን አውጥቶ ይጥለዋል። ይህን ሳታውቁ ንጹህ ቤንዚን ብቻ ሞልታችሁ ከነዳችሁ ሞተሩ ነክሶ ይቆማል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለምኑት፦ «እስክመጣ ድረስ እንዳታስነሳው።» ስትደርሱ ከሁሉ በፊት እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ሞቆ ካገኛችሁት ቀዝቃዛ ሆኖ መነሳት እንደሚያስቸግረው ጠርጥሩ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ወይም ሌላ ቀን ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩንና ወረቀቱን አመሳክሩ

ስፖርት ኳድ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው አንስቶ ፒካፕ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ይሰረቃል። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። የተፋቀ፣ የተመታ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሌላ ነገር ሳታዩ ሂዱ። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ከ17ቱ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግራችኋል፤ ከ1 እስከ 9 ያለው አኃዝ ከ2001 እስከ 2009 ማለት ነው። «የ2008 ነው» ተብላችሁ አሥረኛው ቦታ ላይ 4 ካያችሁ ጨዋታው አልቋል።

ደረጃ 6፦ ሳይነሳ ዙሪያውን እዩት

በደንብ ጊዜ የምትወስዱት እዚህ ላይ ነው። ስፖርት ኳዶች አብዛኞቹ የኪሎሜትር ቆጣሪ የላቸውም። ስለዚህ ስንት እንደተነዳ የሚናገረው ብረቱ ነው። የእግር መርገጫው ጥርስ ተበልቶ ክብ ከሆነ፣ በቁርጭምጭሚት በኩል ያለው የሻንሲ ቀለም በጫማ ተፈግፍጎ ብረቱ ከወጣ፣ ያ ኳድ ብዙ ሰዓት ሠርቷል። ሻጩ «አልፎ አልፎ ነው የምነዳው» ቢልም ብረቱን እመኑ። ፏ ያለ አዲስ ፕላስቲክና ስቲከር ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ ፕላስቲክ በአንድ ቀን ይቀየራል።

የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ሻንሲውን ከሥር እዩ። የታችኛው ብራቾ የሚያያዝበት፣ አሞርዛተሩ ከላይ የሚታሰርበት፣ የእግር መርገጫው ዙሪያ፣ ከሞተሩ ሥር ያለው ቧንቧ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው፤ ቀጭን የዝገት መስመር ሆኖ ይታያል። የፋብሪካ ብየዳ እኩል ነው። ጎርበጥባጣ ብየዳ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ምን እንደደረሰበት ጠይቁ።

ከዚያ ሜትር አውጡ። መሪውን ቀጥ አድርጉና ከፊት ጎማው መሃል እስከ ኋላ ጎማው መሃል በቀኝም በግራም ለኩ። ሁለቱ በግልጽ ከተለያዩ ብራቾ ተጣሟል፣ ወይም ሻንሲው ራሱ። ብራቾ ይገዛል። የተጣመመ ሻንሲ ግን ራስ ምታት ነው፤ እኔ አልነካውም።

የፊቱን ክፍል በክሪክ አንሱ። ጎማውን በቀኝና በግራ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከተንቀጠቀጠ የመሪ ቴስቲኒው አልቋል። ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። መሪውን ከጫፍ ጫፍ አዙሩ፤ የሚይዝ ቦታ ሊኖር አይገባም። እነዚህ ሁሉ የሚቀየሩ ነገሮች ናቸው። ወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

ወደ ኋላ ዙሩ። የኋላውን አንሱና ጎማውን እያሽከረከራችሁ አክስሉን ራሱን እዩ። ቸርኬው ሊጣመም ይችላል፤ እሱ ርካሽ ነው። አክስሉ ወይም የፍሬን ዲስኩ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ኳዱ ከዝላይ ሲወርድ በአንድ ጎን አርፏል ማለት ነው። የኋላውን ክፍል በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አሞርዛተሩ መንቀሳቀስ ሳይጀምር «ቅጭ» የሚል ትንሽ ክፍተት ከተሰማችሁ የማያያዣ ኩሽኔታዎቹ ደርቀዋል። ግሪስ አይቶ የማያውቅ ኳድ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ካቴናውን ከኋላው ጥርስ መሃል ላይ ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። ከጥርሱ ተነስቶ ግማሹን ካሳያችሁ አልቋል። የጥርሶቹ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ሹል ከሆነም እንዲሁ።

ደረጃ 7፦ የአየር ማጣሪያው ሳጥን

ይህን ለብቻው ያደረግኩት በምክንያት ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ኖሯችሁ አንድ ነገር ብቻ ማየት የምትችሉ ቢሆን ይህን እዩ።

ወንበሩን አንሱ፤ ሳጥኑን ክፈቱ፤ ማጣሪያውን አውጡ። ስፖርት ኳድ የሚኖረው አቧራና አሸዋ ውስጥ ነው። ሞተሩን ከዚያ የሚከላከለው ዘይት የጠጣ አንድ ስፖንጅ ብቻ ነው። ማጣሪያው ንጹህ ሆኖ በዘይት ከራሰ ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው፤ ሌላውንም ነገር በዚያው ዓይን እንደያዘው ገምቱ። ማጣሪያው ደረቅ፣ የተቀደደ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ቀጥሉ፦ ጣታችሁን ወደ ካርቡራተሩ በሚወስደው ጎማ ቧንቧ ውስጥ አስገቡ። ከማጣሪያው ወዲያ ማዶ ያለው ግድግዳ ንጹህ መሆን አለበት። ጣታችሁ ላይ አሸዋ ከተሰማችሁ ሞተሩ አቧራ በልቷል። ፋሻውና ሲሊንደሩ እየተፋቁ ነው። ዛሬ ጥሩ ቢነሳም ዕድሜው አጭር ነው፤ ሞተር የማደሻውን ሙሉ ወጪ ከዋጋው ቀንሱ፤ አልቀንስም ካለ ተዉት።

የሳጥኑ ክዳን ተጥሎ ወይም በመጋዝ ተቆርጦ ከሆነስ? ለተጨማሪ አየር ተብሎ የሚደረግ ነው። አየሩ ሲበዛ ካርቡራተሩ በዚያው ልክ ካልተስተካከለ ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ይሠራል፤ ይግላል። በቱ-ስትሮክ ላይ ይህ ፒስተን ያቃጥላል።

ደረጃ 8፦ የተነካካ ሞተር ለምን ይቅርባችሁ

ማስታወቂያው «ተፍቆ የሰፋ ሲሊንደር፣ የውድድር ካምሻፍት፣ ትልቅ ፒስተን» እያለ ይዘረዝራል። ሻጩ ለእነዚህ ብዙ አውጥቷል፤ ገንዘቡንም ከናንተ መመለስ ይፈልጋል። እኔ ግን ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር የማቀርበውን ዋጋ እቀንሳለሁ።

ፋብሪካው ሞተሩን ሲሠራ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሹን፣ ማቀዝቀዣውንና ኩሽኔታውን ለአንድ የታወቀ ጉልበት መጥኖ ነው። ጉልበቱን ብቻ ሲጨምሩት የቀረው ሁሉ ከአቅሙ በላይ ይሠራል። የመጭመቅ አቅሙን ያሳደገ ፒስተን ደግሞ ተራ ቤንዚን ላይበቃው ይችላል፤ የውድድር ነዳጅ ፍለጋ ትዞራላችሁ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማን እንደሠራው፣ ምን ያህል ክፍተት እንደተወ፣ የትኛውን ጋርኒሲዮን እንደተጠቀመ አለመታወቁ ነው። ሲበላሽ መጽሐፉ ላይ ያለው ልክ አይረዳችሁም።

ሁሉም ጭማሪ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የእጅ መከላከያ፣ ከሥር የሚታሰር የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ የእግር መከላከያ መረብ ኳዱን ይጠብቁታል። ጥሩ አሞርዛተርም እሰየው። ማርሚታ ብቻ ተቀይሮ ካርቡራተሩ በአግባቡ ከተስተካከለ፣ የፋብሪካው ማርሚታም በእጁ ካለ፣ ያ ችግር የለውም። እኔ የምሸሸው የተከፈተ ሞተርን ነው።

ደረጃ 9፦ ሞተሩን ፈትኑ

ቀዝቃዛ ሆኖ አስነሱት። ካርቡራተር ያለው በቾክ ጥቂት ቢያስቸግር ምንም አይደለም። 450 ሆኖ በቀዝቃዛው ጨርሶ አልነሳ ካለ፣ ወይም ተገፍቶ ብቻ የሚነሳ ከሆነ፣ ቫልቮቹ ክፍተታቸውን ጨርሰው ሊሆን ይችላል። ያ ቀላል ወጪ አይደለም።

ጭሱን እዩ። ከፎር-ስትሮክ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ሞቆም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣ ውሃ ነው። ቱ-ስትሮክ ግን መጀመሪያ ላይ ቢያጨስ ተፈጥሮው ነው። በእሱ ላይ የምትፈልጉት ሌላ ምልክት ነው፦ ነዳጁን ሰጥታችሁ ስትለቁት ዙሩ ወዲያው መውረድ አለበት። ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ከቆየ በሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

ዘይቱን እዩ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። በጣታችሁ መካከል ስታሹት የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ብረት እየተፈጨ ነው። ራዲያተር ያለው ከሆነ ክዳኑን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክፈቱ፤ ላዩ ላይ የዘይት ፊልም ሊኖር አይገባም።

ሻጩ ከፈቀደ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) ለኩ። ካንዴላውን አውጡ፤ መለኪያውን እሰሩ፤ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ቀስቱ መውጣቱን እስኪያቆም አሽከርክሩ። ብዙ ጤነኛ ቱ-ስትሮክ ከ120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ያሳያል፤ ከ100 በታች ከሆነ ፒስተንና ፋሻው ጊዜው ደርሷል። ባንሺ ላይ የሁለቱ ሲሊንደሮች ንባብ መቀራረብ አለበት። ፎር-ስትሮክ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ለማስነሳት እንዲቀል ቫልቭ ትንሽ የሚከፍት መሣሪያ ስላላቸው ንባቡ ያለ ጥፋታቸው ያንሳል። ለእነሱ የሚሻለው አየር አስገብቶ ስንት በመቶው እንደሚያመልጥ የሚለካው ምርመራ ነው። ከ10 በመቶ በታች በጣም ጥሩ፣ ከ20 በላይ አሳሳቢ። አየሩ በየት እንደሚወጣ አዳምጡ፦ በማርሚታው ከሆነ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ በካርቡራተሩ ከሆነ የማስገቢያው፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው ነው።

ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ሁሉ አታላይ አይደለም። ግን ዋጋው ያንን ጥርጣሬ ማካተት አለበት።

ደረጃ 10፦ ንዱት

ሄልሜት ሳታደርጉ አይሆንም፤ አጭር ሙከራም ቢሆን። ሁሉንም ማርሽ ወደ ላይም ወደ ታችም ቀይሩ። ጫና ላይ ሆኖ ማርሹ ዘልሎ ከወጣ ካምቢዮው መፈታት አለበት፤ እዚያው ተዉት። በከፍተኛ ማርሽ ድንገት ነዳጅ ስጡት፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። እሱ የሚቀየር ነው። ፍሬኑን ያዙ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። የኋላ ማርሽ ካለው ሞክሩት፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በደንብ ሲሞቅ አጥፉት፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና አስነሱት። በቀዝቃዛው የሚነሳ፣ ሲግል እምቢ የሚል ሞተር አለ። ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 11፦ ድርድርና የመጀመሪያው ሥራ

አሁን በወረቀታችሁ ላይ ምልክቶች አሉ። ደምሩ። ለሻጩም አሳዩት፤ «ኩሽኔታው ይህን ያህል፣ ካቴናው ይህን ያህል» ብሎ በቁጥር የሚነጋገር ገዢ ይደመጣል። አትቸኩሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወረቀቱ በእጃችሁ ሳይገባ ቀብድ እንኳ አትክፈሉ።

ኳዱ ቤት እንደገባ ወዲያው ለጉዞ አታውጡት። የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፤ ሻጩ ትናንት ቀይሬዋለሁ ቢልም። የአየር ማጣሪያውን እጠቡና በዘይት አርሱት። የፍሬን ዘይቱን ቀይሩ፣ ግሪስ የሚገባበትን ሁሉ ግሪስ ሙሉ። ፎር-ስትሮክ ከሆነ የቫልቭ ክፍተቱን ለኩና ቁጥሩን ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ያህል እንደተለወጠ የምታውቁት ከዚህ ነው። ቱ-ስትሮክ ከሆነ ሞተሩን በ6 ፒኤስአይ አየር ሞልታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ይዞ እንደሚቆይ ፈትሹ፤ ካልያዘ ፓራኦሊዮውን (ዘይትና አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋውን ቀለበት) ሳትቀይሩ አትንዱት። የጎማ ንፋስ የሚለካው በዝቅተኛ ግፊት መለኪያ ነው፤ ስፖርት ኳድ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ አካባቢ ብቻ ስለሚፈልግ የመኪናው መለኪያ በትክክል አያነበውም።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን። ስትመለሱ የጎማ ዳዶዎቹን፣ የአክስሉን ዳዶና የብራቾ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። የካቴናውን ልልነት ደግሞ መመሪያ መጽሐፉ እንደሚለው ለኩ፤ አንዳንዱ ባዶውን፣ አንዳንዱ ሰው ተቀምጦበት ነው የሚለካው።